ጥያቄና መልስ፦ ከጓደኞቼ ጋር ቤት ውስጥ የሙዚቃ ጌም መጫወት ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ እኔ ጋር ይሰበሰቡና ሮክ ባንድ ወይ ጊታር ሂሮ እንጫወታለን፣ አንዱ የፕላስቲክ ጊታሩን ይይዛል፣ አንዱ ድራም፣ አንዱ ማይክ። መጠጥ የለም፣ ሁላችንም ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ያደግን ነን። አክስቴ ግን አንድ ቀን ደርሳ አየችንና «የሰይጣን ጨዋታ ነው፣ ቤቱን ጸበል አስረጩት» አለች። ባለፈው ደግሞ አንዱ ጓደኛችን መዝሙር ከፍቶ ድራሙን እንደ ማኅሌት ሲመታ እየሳቅን አሸበሸብን፣ እሷ ነገር ከነከነችኝ። በዐቢይ ጾምስ መጫወት እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዛ አገር ቅዳሜ ማታ ልጆቻችን የት የት እንደሚያመሹ ስለምሰማ እናንተ ቤት ተሰብስባችሁ መጫወታችሁ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፣ ይሄን ለአክስትህም ንገርልኝ።

ጨዋታው በራሱ ኃጢአት አይደለም። አረንጓዴ ቀይ ቢጫ ምልክት ስክሪኑ ላይ ሲወርድ ጠብቆ ቁልፍ መጫን የጣትና የጆሮ ጨዋታ ነው፣ ጊታሩም ፕላስቲክ ነው። መሣሪያም ርኩስ አይደለም፣ መዝሙር 150 በገናውን መሰንቆውን ከበሮውን እየጠራ አመስግኑት ይላል። ግን «ጌም ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» ብለህ እንዳታመልጠኝ፣ ገላትያ 5 ላይ ዘፋኝነት ከስካር ጎን ነው የተጻፈው። ስለዚህ ግጥሙን ስሙት። በተለይ ማይክ የያዘው ልጅ፣ ምክንያቱም ጊታር የያዘው ቁልፍ ነው የሚጫነው፣ እሱ ግን ቃሉን ከስክሪን እያነበበ በገዛ አፉ ነው የሚያወጣው፣ በዛው አፍ ደግሞ ነገ ጠዋት ቅዳሴ ላይ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሊል ነው። ስድብና ዝሙት ያለበትን እለፉት፣ ዘፈን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ የሚያስገድዳችሁ የለም።

አክስትህ ያለችው ደግሞ ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛው ጊታር ሂሮ ታሪኩ ላይ ባንዱን ያስፈረመው ማናጀር መጨረሻ ላይ ሰይጣን ሆኖ ይገኛል፣ ተጫዋቹም በጊታር ይገጥመዋል። ያንን ክፍል የተጫወተ ሰው ከሰይጣን ጋር ተዋውሏል አልልም፣ እንደሱ ብዬ ልጆች ማስፈራራት አልወድም፣ ተረት ነው። ቢሆንም ስንጠመቅ ወደ ምዕራብ ዞረን «እክሕደከ ሰይጣን»፣ ሰይጣን እክድሃለሁ፣ የተባለልን ሰዎች ሲኦልን የመድረክ ዲኮር አድርገን ስንለምደው ትንሽ ሊቆረቁረን ይገባል፣ እኔ ብሆን እሷን ክፍል እተዋት ነበር። ጸበሉን ደግሞ ተረጩ፣ ምን ይጎዳል።

አሁን ወደከነከነችህ ልምጣ፣ እኔንም ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ዘፈኑም ሰይጣኑም ያን ያህል አላስጨነቀህም፣ ይቺ ግን ልብህን ነካችው፣ ልክ ነህ። ከበሮ እኛ ጋር ሪትም መጠበቂያ ብቻ አይደለም። አባቶች ሲያስተምሩ ሰፊው አፉ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው ይላሉ፣ ዙሪያውን የሚጠብቀው ጠፍር ጌታ የተገረፈው ግርፋት ሰንበር ነው፣ ካህናቱ አንዴ ቀስ አንዴ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ሕማሙን እያሰቡ ነው። ይሄን የሚያውቅ ልጅ፣ ያውም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ሶፋ ላይ ቺፕሱን እየበላ የማኅሌቱን አመታት ለሳቅ ሲያመጣው ከዘፈኑ ይልቅ ይሄ ይከብደኛል። በክፋት አላደረጋችሁትም አውቃለሁ። ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ጓደኛህንም ለብቻው አድርገህ በፍቅር አናግረው፣ ሰው ፊት አታሳፍረው። መዝሙር መዘመር ከፈለጋችሁ ጌሙን አጥፉና ተነስታችሁ ዘምሩ፣ ቀላል ነው።

ጾሙ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን የራሷን ከበሮና ጸናጽል እንኳ አስቀምጣ በጾሙ ዜማ በጾመ ድጓ፣ በመቋሚያ ነው የምታመሰግነው። ለእግዚአብሔር የሚመታው ከበሮ ካረፈ የናንተ የፕላስቲክ ድራም 55 ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይጎዳም። በዛ ሰሞን መሰብሰቡን ግን እንዳታቆሙ፣ በገና የሚችል ካለ ይደርድርላችሁ፣ ከሌለም ምስር ወጥ ሠርታችሁ ተጨዋወቱ።

ሌላው ቅዳሜ ማታ ነው። ከመካከላችሁ እሑድ የሚቆርብ ካለ 18 ሰዓት መጾም አለበት፣ ስለዚህ እሱ ባለበት እስከ እኩለ ሌሊት ፒዛ እያዘዛችሁ አትፈትኑት። የማይቆርበውም ቢሆን ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ ቅዳሴ የሚደርሰው ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው፣ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከተቻለ ወደ ዓርብ ማታ አዙሩት እንዳልል ዓርብ ጾም ነው፣ ግን ፒዛውን በጾም ምግብ ቀይራችሁ ማምሸት ይቻላል፣ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰዓት ይሁን። እንደውም ከሰዓት ከሆነ የድራሙ ፔዳል ታች ቤት ያሉትን ጎረቤቶች ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም።