«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚባለው ሕመም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የወር አበባዬ ሲመጣ ሁለት ቀን ከአልጋ አልነሳም፤ ከሥራም እቀራለሁ። በዚያው ሰሞን ሰገራ ስወጣም ያመኛል። በአልትራሳውንድ ታይቼ «ምንም የለም» ተባልኩ። ቤት ውስጥ «ስትወልጂ ይተውሻል» ይሉኛል። ጓደኛዬ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳይሆን አለችኝ። ሕክምናው የወሊድ መከላከያ ነው ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። መካን አያደርግም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም «ቻይው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጓደኛሽ መጠርጠሯ ልክ ነው።

በኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ ወይም አንጀት አካባቢ ሊሆን ይችላል። በየወሩ ይደማል፣ ይቆጣል፤ እየቆየም ጠባሳ ሠርቶ አካላትን ያጣብቃል። ሰገራ ስትወጪ የሚያምሽም ከዚህ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ አለባቸው።

አልትራሳውንድ ኦቫሪ ላይ ያለ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) ያሳያል፤ ከማህፀን ውጭ የበቀሉትን ትንንሽ ሕዋሶች ግን ብዙ ጊዜ አያያቸውም። ስለዚህ «ምንም የለም» መባሉ ነገሩን አይዘጋውም። በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ ላፓራስኮፒ፣ በዓይን ያሳያል። ሐኪምሽ ግን እሱን ሳይጠብቅ ከምልክቶችሽ ተነስቶ ሕክምና ሊጀምርልሽ ይችላል።

ለሕመሙ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች አሉ፤ ሕመሙ ሳይጠና፣ ምግብ ከበሉ በኋላ ቢወሰዱ ይሻላል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምሽ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ቀጥሎ ሆርሞን ይመጣል፦ እንክብል፣ የሦስት ወር መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ። የመዳቡ ሉፕ ለዚህ አይሆንም፤ ደሙንም ሕመሙንም ሊያባብስ ይችላል።

መካን አያደርጉም። እንክብሉን ስታቆሚ የመውለድ አቅምሽ ይመለሳል። ከመርፌው በኋላ ብቻ ወራት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ያህል ሊዘገይ ይችላል። ለማርገዝ የሚያስቸግረው በሽታው ራሱ ነው። ያም ቢሆን በሽታው ኖሮባቸው በራሳቸው ያረገዙ ብዙ ናቸው። አሁን ልጅ ከፈለግሽ ሆርሞኑ አይሆንሽም፤ ይህን ለሐኪምሽ በግልጽ ንገሪው። መውለድም መድኃኒቱ አይደለም። ብዙዎች ከወለዱ በኋላም ይመለስባቸዋል።

ቀዶ ሕክምና መድኃኒት ላልረዳቸው ወይም ትልቅ ሲስት ላለባቸው ነው። እፎይታ ይሰጣል፤ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ግን ከወዲሁ እወቂ።

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ሂጂ። ሕመሙ የሚመጣባቸውን ቀኖች፣ የት እንደሚያምሽና ምን እንደዋጥሽ ጽፈሽ ያዢ። የወር አበባ ቀርቶ ድንገት ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ግቢ።