ወገብ፣ የዘር ፍሬ፣ ልብ፦ ብሩሴሎሲስ የሚደበቅባቸው ቦታዎች (ጥያቄና መልስ)

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ብሩሴሎሲስ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ በጥሬ ወተትና በንክኪ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ስለ እሱ የጠየቃችሁኝን የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ሳልመረምር ግን ለማንም «በሽታህ ይህ ነው» አልልም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ቦረና ውስጥ ከብት ያረባሉ። ወገባቸውን ካመማቸው ሰባት ወር ሆነ። የአጥንት ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምረው ትንሽ ተሽሏቸው ነበር፤ አሁን ባሰባቸው።

መልስ፦ እግዜር ይማራቸው። እኔ የማተኩረው «ትንሽ ተሽሏቸው ነበር» ያልከው ላይ ነው። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ብሩሴላንም ያዳክማል፤ ብቻውን ግን አያድነውም። ስለዚህ መሻላቸው ሕመሙ ቲቢ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ብሩሴላ የሚያዘወትረው የታችኛውን ወገብ ነው። ቲቢ ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ የደረት አከርካሪን ይይዛል፣ አጥንቱን አድቅቆ ጀርባ ያጎብጣል። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ በራጅ ፊልም ላይ ስለማይታይ፣ የብሩሴላ የደም ምርመራና ከተቻለ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ለሁለቱም እንዲታይ ጠይቁ። የጀመሩትን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ሳዑዲ ፍየልና ግመል ስጠብቅ ቆይቼ ተመለስኩ። ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ሌሊት ያልበኛል። ሦስት ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ተብዬ ታከምኩ። አሁን አንዱ የዘር ፍሬዬ አብጧል፤ ለመናገር አፍሬ ነው የቆየሁት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን መናገርህ ሊያድንህ ይችላል። ብሩሴሎሲስ የዘር ፍሬን ያሳብጣል። ዕጢ መስሎ በቀዶ ሕክምና የወጣበት አጋጣሚም አለ። ነገ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ሳትጠየቅ ጀምር፦ ጥሬ ወተት ጠጥቻለሁ፣ ፍየል አዋልጃለሁ፣ የእንግዴ ልጅ በእጄ ነክቻለሁ። ብዙዎቻችን ሐኪሞች ይህን አንጠይቅም። በሽታው ተደብቆ የሚኖረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የትኩሳት ምርመራ ሲባል ታይፎይድና ታይፈስ ታይቶ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ሮዝ ቤንጋል (የብሩሴላ ፈጣን የደም ምርመራ) ኔጌቲቭ ከሆነስ ነፃ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሽታው ሲቆይ ምርመራው ሊስተው ይችላል። በሌላው፣ የደሙ ፈሳሽ (ሴረም) ከተህዋሲው ጋር ተቀላቅሎ መርጋቱ በሚታይበት ምርመራ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጠን በላይ በዝቶ ድብልቁ ሳይረጋ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የዚያን ጊዜ ይበልጥ አቅጥኖ መድገም ያስፈልጋል። ፖዘቲቭ መሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ከከብት ጋር ለሚኖር ሰው የድሮ ንክኪ ሊሆን ይችላል። የደም ካልቸር (ተህዋሲውን ከደም አሳድጎ ማየት) ቢያረጋግጥም ተህዋሲው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከተወሰደም ላያድግ ይችላል። ከመቅኔ የሚወሰድ ናሙና የተሻለ ነው። እባካችሁ ለላብራቶሪው «ብሩሴላ ጠርጥረናል» በሉ፤ ተህዋሲው በትንፋሽ ገብቶ ባለሙያውን ይይዛል።

ጥያቄ፦ ልብ ይነካል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አልፎ አልፎ፣ ከመቶ ታማሚ አንድ ወይም ሁለት ላይ። በብሩሴሎሲስ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን በዚህ ነው። የቆየ ትኩሳት ላይ የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ የልብ አልትራሳውንድ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ወስዳ ስለተሻላት ማቆም ትፈልጋለች።

መልስ፦ አታቁም። ብሩሴላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ያስፈልጋል፤ አከርካሪ ከተነካ 3 ወርና ከዚያም በላይ። ቤት ያለውንም ወተት ዛሬውኑ አፍሉት።