ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ስለሚረጭ የትኋንና የቁንጫ መድኃኒት

ከቡሬ የጠየቁን እናት ለሰብል የተዘጋጀ ማላታዮን የተባለ የተባይ መድኃኒት የስምንት ወር ልጅዎ በሚተኛበት ክፍል ለትኋንና ለቁንጫ ቢረጭ ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል። በእርግጥ ይጎዳል። መድኃኒቱ የነርቭን ሥራ ስለሚያውክ የምራቅና የላብ መብዛት፣ ትውከት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል፤ ወለል ላይ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይበልጥ ይጋለጣል። ምልክቶቹ ከታዩ ልብሱን አውልቀው፣ ገላውን በሳሙና አጥበው፣ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዘው ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይድረሱ፤ እባክዎ፣ ወተት እያጠጡ አይጠብቁ።

ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ትኋንን ከነእንቁላሉ ስለሚገድል፣ አልጋውን ደጅ አውጥተው የትኋን ምልክት የሆነው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ በሚታይባቸው የእንጨት መጋጠሚያዎች ሁሉ የፈላ ውኃ ያፍስሱ፤ አንሶላውንም ይቀቅሉ። ቁንጫ ግን የሚራባው በወለል አቧራና ስንጥቅ ውስጥ በመሆኑ በየዕለቱ መጥረግ፣ ስንጥቁን በጭቃ መምረግና ውሻውን ከመኝታ ማራቅ ይሻላል። ተባይ ለማባረር ተብሎ የሚጨስ የወይራ ጢስ ለሕፃን ሳንባ አይመከርም፤ የትምባሆ ቅጠልም፣ ተፈጥሯዊ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ኒኮቲን መርዝ ነው።