ግማሹን ዓመት ከጾምን ሙሉውንስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ላላነበበው ባጭሩ ልድገመው። ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሽ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሁሉንም ለመተው ቆርጠሻል። ቤተሰብ "አበደች" ብሏል። አንቺ ደግሞ "ግማሹን ዓመት እንጾም የለ እንዴ፣ ሌላውን ግማሽ ብጨምርበት ምን ይጎድልብኛል?" ብለሽ ጠየቅሽ። መጨረሻ ላይ "ለፋሲካ ቤት ስገባስ ምን ልበላቸው?" የምትል አለች።

ከሥር የተጻፉትን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ ሰው "ሥጋ የማይበላ ጎጃሜ ደግሞ ከየት መጣ" እያለ ይስቃል። ሌላው የፈረንጅ ቪዲዮ እየለጠፈ ሥጋ መርዝ ነው ይላል። አንቺን የሰማ የለም። እኔ ያንቺኑ ሐሳብ አስቤ፣ አራት ዓመት ኖሬበት፣ ታምሜበት፣ ግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ። እስቲ ልንገርሽ።

ያደግኩት ቢቸና አካባቢ፣ ገጠር ነው። አባቴ ጥንድ በሬ ነበረው። አንዱ ዳልቻ ይባላል። ያገራችን ጥቁር አፈር ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ያን ሁሉ ዳልቻ ነው የሚያገላብጠው። ሲያረጅ እንደማንኛውም በሬ አደለቡትና ለፋሲካ ቅርጫ ገባ። ዕጣ ተጣለ፣ መደባችን ደረሰን፣ እኔም በላሁ። ያኔ 12 ዓመቴ ነበር። አለቀስኩ ብዬ አልዋሽሽም። ጣፈጠኝ።

የተውኩት በ26 ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ሥራ ይዤ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ጥሬ ሥጋ ልንበላ ተቀምጠናል። አንዱ "ሻኛውን ጨምርልን" አለ። ሻኛው መጣ። ቀንበር የሚያርፈው እኮ እሱ ጋ ነው፣ ከሻኛው ፊት። የዳልቻ አንገት፣ ቆዳው ተልጦ የጠነከረበት ቦታ ትዝ አለኝ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ አልበላሁም። ማንንም በክርክር ልረታበት የምችል ምክንያት አይደለም፤ የኔ ምክንያት ይኸው ነው።

በዚያው እልህ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ቅቤውንም ተውኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምንም አይከብዱም። ሌላ አገር ሥጋ የተወ ሰው ምግብ አሠራር እንደ አዲስ ይማራል አሉ። እኛ ምን እንማራለን? ሽሮው አለ። ክኩ፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ የሽምብራ አሳው አለ። ተልባ ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት አለ። ኑጉ የራሳችን ነው። ድንቹ ከጮቄ ግርጌ ይወርዳል። ገበሬው ራሱ እኮ ሥጋ የሚያየው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ በሆነ አገር። በሬው ማረሻው ነው፣ ላሟ ቅቤው ናት፣ ኩበቱ ማገዶው ነው። ስለዚህ "የከብት እርባታ ዓለምን አሞቀ" የሚለውን ክርክር እዚህ አምጥተሽ አባትሽ ላይ ባትጀምሪው ይሻላል። ቁጥሩ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ እንደሚመጣ ጽፏል። ግን ለአንድ ጥንድ በሬ ባለቤት ስትነግሪው ስድብ ነው የሚመስለው።

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ ድካም። ደረጃ ስወጣ እግሬ ይከዳኛል። ቀጥሎ ምላሴ ቀላና በርበሬ ማስጠጋት አቃተኝ። ከዚያ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። "ጨጓራ ነው" ተባልኩ፣ ክኒን ተሰጠኝ። ስለምበላው የጠየቀኝ የለም። ስምንት ወር በጨጓራ ክኒን ኖርኩ። እስካሁን ያናድደኛል።

በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምን ትበያለሽ?" ነበር። ነገርኳት። "ከመቼ ጀምሮ?" አለች። "አራት ዓመት" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደሜ ተመርምሮ ያን ያህል አላነሰም፤ ቫይታሚን ቢ12 ግን ወደ ታች ወርዷል። መርፌ ተጀመረልኝ። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በወር አንዴ። ድካሙ ቶሎ ለቀቀኝ። የግራ እግሬ ሁለት ጣቶች ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልነቁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው በሥጋ፣ በአሳ፣ በእንቁላልና በወተት በኩል ነው። ሽሮ ውስጥ የለም። ጎመን ውስጥ የለም። ጤፍ ውስጥም የለም። ታዲያ አያቶቻችን እንዴት ጾመው ኖሩ? ጉበት ቢ12ን ያጠራቅማል፣ ለዓመታት የሚበቃ። ጾማችን ደግሞ ፍስክ አለው። እስቲ ቁጠሪው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ነው፣ ፍልሰታ አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ለምእመን ወደ 180 ቀን ይጠጋል። በመሃል በመሃል ግን ይፈታል። ከፋሲካ በኋላ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እናቶቻችን በፍስኩ ወተቱንም እርጎውንም አይቡንም ይሞላሉ፣ ጉበት ይሰበስባል፣ በጾሙ ያወጣል። አንቺ ልታደርጊው ያሰብሽው ግን የማይፈታ ጾም ነው። ግማሹን ሁለት ጊዜ ስታደርጊው ሙሉ አይሆንም፤ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጆች ሆነን "በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ስንል የነበረው እኔን ነበር ለካ።

ሐኪሟ የነገረችኝ አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ይኼን ብዙ ሰው አያውቀውም። ምስርና ጎመን ፎሌት የሚባል ቫይታሚን ሞልቷቸዋል። ፎሌት ሲበዛ ደም ማነሱን ይሸፍነዋል። ነርቭ ግን ቢ12 አጥቶ ዝም ብሎ ይጎዳል። "ደሜ ደህና ነው" ብለሽ እንዳትዘናጊ። እኔ በዚህ ነው የተሸወድኩት።

ስለዚህ ሁሉንም መተው ከፈለግሽ ተይ፣ ማንም አያስርሽም። ግን የቢ12 ክኒን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ። እስኪያምሽ አትጠብቂ። ክኒን ለዕድሜ ልክ መዋጥ ካልተመቸሽ እንደኔ እንቁላልና ወተት አትተዪ። እኔ ሥጋውን እንደተውኩት ነው፤ ከታመምኩ ወዲህ እንቁላልና እርጎ እበላለሁ። እነሱንም ቢሆን በፍስኩ ነው፣ ጾሜን አልፈታሁም። ስለዚህ በዐቢይ ጾምና በነቢያት ክኒኑን እጨምራለሁ። አንቺ ባሕር ዳር ስለሆንሽ አሳም አለልሽ፤ ቆሮሶው ከደጅሽ ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንክፈተው፣ ሰው ይጣላል።

ብረትን በተመለከተ ለኛ ለሴቶች ጠንቀቅ ማለት ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው። ከሱ የተወሰነው አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ የሚገባው አፈር ነው፤ ያ ሁሉ ደም አይሆንም። ደግነቱ ሊጡ መቡካቱ ሰውነት ብረቱን እንዲያገኝ ይረዳል። ሰላጣ ውስጥ ቃሪያና ሎሚ ጨምሪ፣ ቫይታሚን ሲያቸው ብረቱን ያስገባዋል። ቡናውን ደግሞ ከምግብ ጋር አታያይዢው፤ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ይኼን ለእናቴ ስነግራት እንዴት እንዳየችኝ ባየሽ።

ጥራጥሬ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽም። ጓያን ርካሽ ነው ብለሽ የየቀን ሽሮሽ አታድርጊው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ሰፈራችን እንደዚያ የሆኑ አንድ አባት ነበሩ።

ለሥጋ በላዎቹም ሚዛን ይሁንና፣ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል። ያገራችን ሰው በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ይጠጣ የነበረው ወዶ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. እንደ ሞርታዴላ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቦታል፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ "ሳያመጣ አይቀርም" ብሎታል። በዓመት አራት ጊዜ ቅርጫ የሚበላ ገበሬ ግን በዚህ እንቅልፍ አያጣም። በየቀኑ ጥብስ የሚያዘው የከተማ ሰው ያስብበት።

የቀረው የቤተሰቡ ነገር ነው። ከቢ12 የሚብሰው እሱ ነው። ሥጋ መተው ምንም አይደለም፤ ከገበታ መነሳት ነው የሚያስከፋቸው። የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ "አልበላም" ስል እናቴ "ስለት አለብሽ?" አለችኝ። የለብኝም። "ንስሐ አባትሽ ቀኖና ሰጡሽ?" አልሰጡኝም። "ታዲያ ምን በደልንሽ?" አለችና አለቀሰች። በማግሥቱ ንስሐ አባታችን መጡ። ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ "ርኩስ ነው ብለሽ ከሆነ ስህተት ነው፣ እግዚአብሔር የፈጠረው ነው። ልተወው ብለሽ ከሆነ መነኮሳቱስ መቼ በሉ?" አሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። እናቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም፤ ለጎረቤት "ልጄ ልትመነኩስ ነው" ማለቷን ግን ሁለት ዓመት አላቆመችም።

ምክሬ፣ ገበታው ላይ አትንገሪያቸው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ደውለሽ ለእናትሽ ብቻ ንገሪያት። ስለ በሬ ስቃይም ስለ ካንሰርም አታውሪ፣ የነሱን ምግብ እየሰደብሽ ነው የሚሆነው። ሽንኩርቱን ከተፊ፣ ዶሮውን እጠቢ፣ ጉርሻ አጉርሺ። እኔ ቅርጫ ላይ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ መደብ አዋጣለሁ። ዕጣዬ ሲወጣ የደረሰኝን ለጎረቤታችን ለአንዲት አሮጊት እወስድላቸዋለሁ። ስለዚህ ከቅርጫው ማንም አላስወጣኝም፣ እንዲያውም አሮጊቷ ሥጋ እንዳልጀምር ይጸልያሉ።

አምና ለፋሲካ ስሄድ እናቴ አንድ ትንሽ ድስት ለብቻ ጥዳ አገኘኋት። የዶሮ ወጥ ቁሌት ነው፣ ሽንኩርቱ በደንብ የበሰለ፣ በንጥር ቅቤ፣ ዶሮ የሌለበት፣ ስድስት እንቁላል ብቻ የገባበት። "የልጄ ዶሮ" ትለዋለች። የወንድሜ ልጆች ቀድመው አግኝተውት ነበር። ለኔ አንድ እንቁላል ደረሰኝ።