ወንድሜ ጫካ መሃል አውሮፕላን ያሳርፋል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ አይዳሆ ይኖራል። አምና የአብራሪነት ፈቃድ አወጣ። አሁን በትንሽ አውሮፕላን ጫካ መሃል፣ ወንዝ ዳር እያረፈ ቪዲዮ ይልክልናል። እናታችን «ልጄን ሊያስሩብኝ ነው» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እውነት የፈለገበት ማረፍ ይችላል? ለእረፍት ሲመጣስ ሐይቁ ዳር እንዲህ ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልን። አሜሪካ ውስጥ ከአየር ማረፊያ ውጪ ማረፍ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዋናው ነገር መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው። የሰው እርሻ ከሆነ ባለቤቱ ይፍቀድ። የፌዴራል መንግሥት ደን ወይም የግጦሽ መሬት ከሆነም፣ ቦታው ተለይቶ እስካልተዘጋ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

ጣጣው ያለው ጥብቅ ቦታዎች ላይ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለማረፊያ ከተመደበ ቦታ በስተቀር ማረፍ ክልክል ነው። አላስካ ግን ይለያል። መንገድ የማይደርስበት ቦታ ስለሚበዛበት እዚያ ብዙዎቹ ፓርኮች ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፍ ይችላሉ።

«ዊልደርነስ» የሚባሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ ሕግ መኪናም ሆነ አውሮፕላን እንዳይገባባቸው የተጠበቁ ናቸው። ሕጉ ከመምጣቱ በፊት አውሮፕላን ያርፍባቸው የነበሩ ቦታዎች ግን እንዲቀጥሉ ሊፈቀድላቸው ይችላል፣ ለዚህ ደግሞ ከወንድምሽ አገር የተሻለ ምሳሌ የለም፤ አይዳሆ ውስጥ ፍራንክ ቸርች በሚባለው ሰፊ ዱር መሃል የቆዩ የሣርና የአፈር ማኮብኮቢያዎች አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግም በመደበኛነት የሚሠራባቸው ያለ ግዛቱ ስምምነት ለዘለቄታው እንዳይዘጉ አድርጓል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ያረፈበት በካርታ የሚታወቅ ማኮብኮቢያ ነው ወይስ ራሱ ከላይ ሆኖ አይቶ የመረጠው አሸዋ? እዚያ ዱር ውስጥ ሁለተኛው ከሆነ የእናትሽ ስጋት ልክ ነው።

ሐዋሳ ላይ ግን በፍጹም እንዳያስበው። አየር ማረፊያ አለን፣ እዚያ ይረፍ። ከዚያ ውጪ ማረፍ ካማረው ገና ሳይነሳ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ አውሮፕላን ማብረር ከፈለገም የአሜሪካ ፈቃዱን ይዞ ዝም ብሎ መነሳት አይችልም፣ ባለሥልጣኑ ሊያጸድቅለት ይገባል። ሣር ላይ ማረፍ ለአገራችን አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም፤ የድሮው የጂንካ ማረፊያ ከተማው መሃል ያለ፣ ከብት የሚግጥበት ሣር ሜዳ ነበር። ግን እሱም የታወቀ ማረፊያ ነበር።

ደግሞ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ የቀኑ ሙቀት ሲጨመርበት ሞተሩም ክንፉም ይደክማል፣ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። አጭር ሜዳ ላይ ማረፍ የቻለ ሁሉ መነሳት አይችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ከሕጉ ይልቅ ይሄ ነው።

ለጊዜው ቪዲዮ ሲልክ ያረፈበትን ቦታ ስም አብሮ እንዲጽፍላችሁ ንገሪው። ለእናትሽም አንብቢላት።