አሮጌው ቶምካት ሆዱ ውስጥ ምን ይዟል? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ መልእክቶች የተመካከሩ ይመስላሉ። የድርጅቱ ዌብ ሰርቪስ ጌትዌይ አሮጌ ቶምካት ላይ ተቀምጧል። ቶምካት በጃቫ የተጻፉ የዌብ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሰርቨር ነው። ጌትዌይ ስል ያ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ አልፎበት ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ማለቴ ነው። “ወደ ቶምካት 10.1 ይሻገር” የሚል ትእዛዝ መጥቷል፤ ሰዉ ተጨንቋል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የድርጅት ስም ያለበትንም አውጥቻለሁ።

“ጌትዌያችን ቶምካት 8.5 ላይ ዓመታት ሠርቷል። አንድ ቀን አላስቸገረንም። ልጆቹ ግን ካልቀየርን ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንብንም?” (የአይቲ ኃላፊ፣ አዲስ አበባ)

ጤፉማ አልቋል ጌታዬ፤ ጎተራውን ገልጠው ስላላዩት ነው። ለቶምካት 8.5 የሚደረገው ድጋፍ ማርች 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንልዎ የለም።

በ2020 “ጎስትካት” የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ብዙ ሰው 8009 የሚባል ክፍት ፖርት እንዳለው ያወቀው ያን ዕለት ነው። በዚሁ ፖርት ላይ ያለው ኤጄፒ የሚባለው መግቢያ ቶምካት ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነበር። በዚያ በኩል የገባ ሰው አፕሊኬሽኑ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን፣ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል የተጻፈባቸውን ሳይቀር፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችል ነበር። ያኔ 8.5.51 ወጣና ተደፈነ። ነገ የዚህ ወንድም ቢመጣ ግን ለ8.5 የሚወጣ ማስተካከያ የለም።

ልጆቹን ስሟቸው። ካልደፈሩ ደግሞ በመካከል ቶምካት 9 አለ። ከ8.5 ወደ 9 ሲሄዱ ኮዱ ብዙም አይነካም፤ ፋታ ይሰጥዎታል። ወደ 10 መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ይነግርዎታል።

“‘ጃቫክስ’ የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ‘ጃካርታ’ ብዬ ተካሁት። ስህተቱ ቀነሰ ስል ጭራሽ ባሰበት። ምን አጠፋሁ?” (ፕሮግራመር፣ ባሕር ዳር)

“ሁሉን” ማለትሽ ነው ያጠፋሽው እህቴ። ነገሩን ከሥሩ ላውራሽ፤ ሥሩን ካወቅሽ ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ጃቫ ኢኢ የሚባለው የድርጅት ሶፍትዌር መሠረት ኦራክል እጅ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኦራክል ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሊያስረክበው ወሰነ። ስሙን ግን አልሰጠም። “ጃቫ” የንግድ ምልክቴ ነው፤ ስሙ “ጃቫክስ” ብሎ የሚጀምረውን የኮድ ጥቅል እየቀየራችሁ አትቀጥሉም አለ። ልጁን ሰጥቶ ስሙን የመከልከል ያህል ነው። ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ። ስለዚህ በ2020 መጨረሻ የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 የጥቅሎቹን ስም ከ“ጃቫክስ” ወደ “ጃካርታ” ለወጠ። ቶምካት 10ም ተከተለው። (ቶምካት ራሱ ልጅነቱን ያሳለፈው አፓቼ ውስጥ “ጃካርታ” በሚባል ፕሮጀክት ሥር ነው። ስሙ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ።)

እንግዲህ ስሙ የተለወጠው ኤክሊፕስ የተረከበው ብቻ ነው። ከ“ጃቫክስ” ቤተሰብ ውስጥ የጃቫ የራሱ የሆኑ አሉ፤ እነሱ እዚያው ናቸው። “ጃቫክስ.ኤስኪውኤል”፣ “ጃቫክስ.ክሪፕቶ”፣ “ጃቫክስ.ኔሚንግ”፣ “ጃቫክስ.ኔት” አይነኩም። ጌትዌይ የሚሠራ ሰው በጣም የሚሳሳተው ኤክስኤምኤል፣ ሲስተሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ ላይ ነው። “ጃቫክስ.ኤክስኤምኤል.ባይንድ” እና “ጃቫክስ.ኤክስኤምኤል.ሶፕ” ሄደዋል። አጠገባቸው ያለው “ጃቫክስ.ኤክስኤምኤል.ፓርሰርስ” ግን አልሄደም። “አኖቴሽን” ሄዷል፤ “አኖቴሽን.ፕሮሰሲንግ” ቀርቷል። አንድ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም ተሰዶ ታናሹ እንደሚቀረው።

አሁን የቀየርሽውን ሁሉ በጊት ወደ ኋላ መልሺ። አፓቼ ያወጣው የማሻገሪያ መሣሪያ አለ። የተጠናቀቀውን የዋር ፋይል፣ አፕሊኬሽኑ የታሸገበትን፣ ትሰጪዋለሽ፤ የሚለወጠውን ለይቶ ይለውጥልሻል። በእጅሽ ስትፈልጊ የምትዘዪውንም፣ በማዋቀሪያ ፋይሎች ውስጥ የተደበቀውን ስም፣ ያገኝልሻል። ከዚህም የሚቀል አለ። ቶምካት 10 ላይ “ዌብአፕስ” ከሚባለው ፎልደር ጎን “ዌብአፕስ-ጃቫኢኢ” የሚል ፎልደር ፍጠሪና የድሮውን ዋር እዚያ ጣዪው። ሲነሳ ራሱ ለውጦ ይጭነዋል።

ይህኛውን ለሙከራ እወደዋለሁ፤ ለዘለቄታው ግን አልወደውም። የምታነቢው ኮድና የሚሠራው ኮድ ሲለያዩ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስህተት ስትፈልጊ ታለቅሻለሽ። መሣሪያውን ምን እንደሚነካ ለማየት ተጠቀሚበትና ኮዱን ራስሽ አሻግሪው። ላይብረሪዎቹም፣ ኮድሽ የሚደገፍባቸው ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች፣ አብረው መሻገር አለባቸው። ስፕሪንግ ከሆነ 6፣ ሲኤክስኤፍ ከሆነ 4። እነዚህ ጃቫ 17 ይፈልጋሉ። ቶምካት 10.1 በጃቫ 11 ይረካል፤ ላይብረሪዎቹ ግን አይረኩም።

“ከጃቫ 8 ወደ 17 ስንሄድ የሶፕ ክፍሎቹ የሉም ይላል። ድሮ ምንም ሳንጭን ይሠራ ነበር።” (ሐዋሳ)

ሶፕ ሲስተሞች በኤክስኤምኤል መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ ነው። ክፍሎቹ ድሮ ከጃቫ ጋር አብረው ይመጡ ነበር። ጃቫ 11 በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተነሥተዋል። አሁን እንደማንኛውም ላይብረሪ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። አዲሶቹን፣ “ጃካርታ” የሚሉትን፣ መጨመራችሁን ብቻ አረጋግጡ።

“ቴስት ላይ ሁሉም ሠራ። ፕሮዳክሽን ላይ ወደ አጋር ባንካችን የምንልከው ሁሉ ይወድቃል። ሎጉ ‘ፒኪክስ ፓዝ ቢልዲንግ ፌልድ’ ይላል። ኮዱ ያው ነው!” (መቀሌ)

ይህን ጥያቄ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ደርሶብኛል።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አሻገርን። ሁሉም አረንጓዴ። ጥበቃው ጋቢውን እንደተከናነበ መጥቶ ቆሎ ሰጠን፤ እየቆረጠምን ተጨባበጥን። ጠዋት 3 ሰዓት ቅርንጫፎች ተከፈቱ። 3 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። መስኮት ላይ ያሉት ልጆች ለደንበኛው የምታውቁትን እያሉ ነበር፦ “ሲስተም የለም።”

ወደ እኛ የሚመጣው ሁሉ ይሠራል። ከእኛ ወደ አንዱ አጋር የሚሄደው ብቻ አይሠራም። ከአሮጌው ሰርቨር ስንሞክረው ይሠራል። ኮዱ አንድ ነው፣ ኔትወርኩም አንድ ነው።

“ፒኪክስ” ያለው ስህተት ጃቫው የአጋሩን ሰርቲፊኬት፣ ማንነቱን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል መታወቂያ፣ ማመን አልቻለም ማለት ነው። ጃቫ የሚያምናቸውን ሰርቲፊኬቶች የሚያስቀምጠው “ሲኤሰርትስ” በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ያለው ደግሞ ጃቫው ራሱ በተጫነበት ፎልደር ሆድ ውስጥ ነው። አዲስ ጃቫ ስትጭን አዲስ ሲኤሰርትስ ይዞ ይመጣል። የድሮው እዚያው ይቀራል። በ“ኪቱል”፣ ከጃቫ ጋር በሚመጣው የሰርቲፊኬት መሣሪያ፣ የሁለቱንም ዝርዝር አወጣንና ጎን ለጎን አደረግናቸው። ሁሉም የታወቁ የሰርቲፊኬት ሰጪዎች ስም ነው። አሮጌው ላይ ግን አንዱ “ቴምፕ2” ይላል። ራሱን “ቴምፕ2” ብሎ የሚጠራ ሰርቲፊኬት ሰጪ ድርጅት በዓለም ላይ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባችን የአጋሩን ሰርቲፊኬት “ለጊዜው” ብሎ አስገብቶት ኖሯል። ልጁ ውጭ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የትም አልተጻፈም።

አንተም ጋ “ቴምፕ2” አለ ወንድሜ። ፈልገውና ወደ አዲሱ አስገባው። ከዚያ ግን የራሳችሁን የሰርቲፊኬት ማኅደር ከጃቫ ፎልደር ውጭ አስቀምጥና ቶምካት ሲነሣ እዚያ እንዲያይ ንገረው። የሚቀጥለው ጃቫ ሲመጣ አይጠፋባችሁም። የቅንብሩ ስም “ጃቫክስ.ኔት.ኤስኤስኤል.ትረስትስቶር” ነው። አዎ፣ “ጃቫክስ” ነው፤ ይህም ከቀሩት አንዱ ነው።

ስህተቱ “ፒኪክስ” ሳይል “ሃንድሼክ” ብቻ የሚል ቢሆን ደግሞ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ጃቫዎች የድሮዎቹን የግንኙነት መመስጠሪያ ደንቦች፣ ቲኤልኤስ 1.0ን እና 1.1ን፣ ሲጫኑ ጀምሮ ዘግተዋቸዋል። አጋራችሁ እዚያ ላይ ተቸንክሮ ከሆነ እሱ ይነሣ። እናንተ ወደ ኋላ አትመለሱለት።

“ከተሻገርን በኋላ የደንበኞች ስም ‘ወ/ሮ ???? ????’ እያለ በመልእክት ይወጣል። እንግሊዝኛው ደህና ነው።” (ጅማ)

የእኛ አገር ልዩ ጥያቄ! መጀመሪያ የሚታየውን በደንብ ለዩት፤ ሁለት ዓይነት ነው።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ጠፍቷል። አንድ ቦታ ላይ ግእዝ ፊደልን ወደማያውቅ አሠራር ተቀይሯል፤ የማያውቀውን ሁሉ “?” አድርጎ ጥሎታል። ከዚያ በኋላ አይመለስም። የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ከሆነ ግን ፊደሉ አለ፤ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው። በዩቲኤፍ-8፣ የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በሚይዘው አጻጻፍ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ “አበበ” ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ አንዳንዱ ባዶ ቦታ መስሎ ቢታይም። እያንዳንዱ ፊደልም በላዩ ላይ ጭረት ባለበት የላቲን “ኤ” (á) ይጀምራል። ያንን “ኤ” በየሦስት ምልክቱ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ይድናል።

የእናንተ የመጀመሪያው ነው። ጃቫ 17 “በምን ፊደል ልጻፍ?” ብሎ አሁንም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል። ያለምንም ጥያቄ ዩቲኤፍ-8 የሚጠቀመው ከጃቫ 18 ጀምሮ ነው። አሮጌው ሊኑክስ ላይ አንድ ሰው ቋንቋውን አስተካክሎት ኖሯል፤ አዲሱ ባዶ ኮንቴይነር፣ ፕሮግራሙ ለብቻው ተዘግቶ የሚሠራበት ሣጥን፣ ላይ ማንም አላስተካከለውም። ለዛሬ ቶምካቱ ሲነሣ ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን እዘዙት። ከዚያ ኮዱ ውስጥ ጽሑፍ ወደ ባይት የሚለወጥበትን ቦታ ሁሉ ፈልጋችሁ የፊደሉን ዓይነት በግልጽ ጻፉ።

“ሎጉ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ያስቸግራል?” (ድሬዳዋ)

ሎጉ ብቻ ቢሆን አያስቸግርም። ኮንቴይነሩ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ እየሠራ ነው፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ችግሩ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሠራ ክፍያ በትናንት ቀን መመዝገቡ ነው። የሒሳብ ክፍል ጠዋት ሲያመሳክር ይጮኻል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉት፤ ዛሬውኑ።

“አዲሱን ለመፈተን የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ለሁለቱም ሰርቨሮች ልኬ መልሱን ላወዳድር አሰብኩ።” (አዳማ)

ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ሒሳብ መጠየቂያ ላይ ብቻ። ገንዘብ ማስተላለፊያውን ለሁለቱም ከላክህ ሁለቴ ይከፈላል። ንባብ የሆነውን ብቻ ለሁለቱ ላክ። ክፍያውን ግን ከፊት ባለው ሎድ ባላንሰር፣ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ በሚያከፋፍለው፣ ላይ ጥቂት ጥቂት ወደ አዲሱ እየመለስህ ሞክር። አሮጌውንም አታጥፋው፤ ቢያንስ አንድ የደመወዝ ሰሞን እስኪያልፍ ይቁም።

ስታወዳድር አንድ ነገር ታያለህ። አዲሱ ላይብረሪ የኤክስኤምኤሉን ቅድመ-ስም ሊለውጥ ይችላል፤ ድሮ “ኤንኤስ2” ይል የነበረው ሌላ ይሆናል። በደንቡ ትርጉሙ አንድ ነው። ነገር ግን መልሱን እንደ ተራ ጽሑፍ “ኤንኤስ2” ብሎ የሚፈልግ አጋር አይጠፋም፤ “ባዶ መጣብን” ብሎ ይደውላል። ትክክሉ አንተ ነህ። ቢሆንም ቅድመ-ስሙን እንደ ድሮው አድርግለት። ከደንበኛ ጋር ስለ ደንብ ተከራክሮ የረታ ፕሮግራመር አላየሁም።

“እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ለእናቴ ገንዘብ ስልክ ብዙ ጊዜ ‘ለጥገና ተዘግቷል’ ይለኛል። ሁሌም ከሥራ ስወጣ ነው። ሆን ብለው ነው እንዴ?” (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ኧረ አይደለም እመቤቴ! ልጆቹ ሰው ሁሉ ተኝቷል ብለው በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው የሚሠሩት። ያ ሰዓት እናንተ ጋ በብርዱ ወራት ከምሽቱ 12፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ 1 ሰዓት ነው። እርስዎ ከሥራ ወጥተው ስልክዎን የሚያነሡበት ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ ከላይ ለጠየቁት ልጆች ሁሉ አስተላልፌዋለሁ። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የሚያልፍበት ጌትዌይ ካላችሁ፣ የማሻገሪያ ሰዓት ስትመርጡ ያለፈውን ወር ሎግ ከፍታችሁ ጥያቄ በጣም የሚቀንስበትን ሰዓት እዩ። እንቅልፍ የተኛ ከተማ አይታችሁ አትወስኑ። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

እርስዎ ለጊዜው ጠዋት ከሥራ በፊት ይሞክሩት። እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናትዎም ወዲያው ደውለው “ደረሰኝ” ይሉዎታል።