የጋለ ጎማ አታስተንፍስ

አንድ አሽከርካሪ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። «ጠዋት ከፒያሳ ስነሳ አራቱንም ጎማ በግፊት መለኪያው 32 ፒ ኤስ አይ አስሞላሁ። አዋሽ ሰባት ደርሼ ስለካ 37 ሆኗል። እንዳይፈነዳ ፈርቼ ሁሉንም ወደ 32 መለስኩ። አዲስ አበባ አድሮ ጠዋት 27 ሆኖ አገኘሁት። መልሼ ሞላሁ። የኋላ ቀኙ ግን በሳምንት 20 ይገባል። ከሁለት ወር በፊት ሚስማር ወግቶት ተጠግኗል። ታናሽ እህቴ ኬሚስትሪ ክፍል የተማረችውን ይዛ ‹ሙቀቱ ነው› ትላለች። ጎሚስታው ‹ጎማው ሞቷል፣ ቀይር› ይላል። ማንን ልመን?»

እህትህን እመን። 27 የሆነው እሷ እንዳለችው ነው። የኋላ ቀኙ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ቫልቩን፣ አየር የሚሞላበትን አፍ ነው። ስታስተነፍስ በምን ተጫንከው? በሚስማር ወይም በቁልፍ ጫፍ ከሆነ፣ ውስጥ ያለችው መርፌ ጠማለች ወይም አቧራ ገብቶባታል።

ክዳኑን ፍታና የሳሙና አረፋ አድርግበት። አረፋው ካበጠ መርፌዋን ፈትተህ በአዲስ ቀይር። አደራ፣ በጅምላ ከሚሸጡት ርካሾች አትግዛ። ላስቲካቸው ወዲያው ይደርቃል። የጥቂት ብር ዕቃ ስንቱን ጎማ ያለ ጥፋቱ አስጥሏል!

ቫልቩ ደህና ከሆነ የተጠገነበትን ቦታ በአረፋ እይ። ቸርኬውን ሳያወልቁ ከውጭ ወግተው ደፍነውልህ ከሆነ፣ ያ ጥገና አይባልም። ጎማው ወልቆ ከውስጥ መለጠፍ አለበት። ይህን ሥራ በየቀኑ እንደ አዲስ እሠራለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

አሁን እህትህ የምትወደውን ላውራ። ጎማ ብዙ አይለጠጥም፤ ስለዚህ አየሩ የያዘው ቦታ (ቮሊዩሙ) ያው ነው ማለት ይቻላል። ሲሞቅ የሚጨምረው ግፊቱ ነው። ተማሪዎች ሲያሰሉት ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንደኛ፣ ሴንቲግሬዱን እንዳለ ያባዛሉ፤ መጀመሪያ 273 መደመር አለበት። ሁለተኛ፣ ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ መሆኑን ይረሳሉ። የተነፈሰ ጎማ ላይ ዜሮ ቢልም ውስጡ አየር አለ። የውጭው አየር ራሱ በአዲስ አበባ ከፍታ 11 ፒ ኤስ አይ ያህል ይገፋል። አዋሽ ቆላ ስለሆነ 13 ገደማ ይደርሳል።

እንግዲህ 32 እና 11፣ 43። ጠዋት 12 ዲግሪ ነበር እንበል፤ 285 ይሆናል። መንገድ ላይ ጎማው 60 ቢደርስ 333 ነው። 43ን በ333 አባዝተህ ለ285 አካፍል፤ 50 ገደማ። የአዋሽን 13 ቀንስ። 37! ጌጅህ ያነበበው ራሱ ነው። ወደ 32 ስታወርደው፣ የአዋሽን 13 ጨምረህ ውስጡ 45 ቀረ። አዲስ አበባ አድሮ ሲቀዘቅዝ ወደ 38 ተኩል ይወርዳል። 11 ቀንስ፤ 27 ተኩል። እህትህ ይህን በደብተሯ ትሥራው፣ ደስ ይላታል።

ስለዚህ የጋለ ጎማ አታስተንፍስ። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ሲግል የሚጨምረው ታስቦበት ነው የተሠራው። አየሩ ያነሰ ጎማ ግን ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይብሱን ይግላል። ፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳውም እንዲህ ያለው ነው። አንተ እንዳይፈነዳ ብለህ ወደ ፍንዳታ አቅርበኸዋል። ደግሜ እላለሁ፤ 37 ቢልም 38 ቢልም፣ ሲግል እጅህን ከቫልቩ አንሳ።

ነገ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ አራቱንም በበሩ ላይ ባለው ቁጥር አስሞላ። የኋላ ቀኙን ግን አስወልቀህ ውስጡን እይ። በ20 ስትነዳው ሰንብተሃልና። የጎኑ ውስጥ ተፍቆ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ካገኘህ፣ ጎሚስታው እውነቱን ነው፤ ያን ጎማ ቀይረው።